ቅቤ የጠጣው ቱቦ

የማይወርድ ውኃ ያስፈራኛል። ሰው እባብ ይፈራል፣ ጨለማ ይፈራል፤ እኔ ላቫንዲኖ ውስጥ ቆሞ የሚያየኝን ውኃ እፈራለሁ። ምክንያት አለኝ። ድሮ ጦር ኃይሎች አካባቢ ተከራይተን ስንኖር ቱቦ ተደፈነና «የናንተ ቤት እጥበት ይበዛል» ተባልን። ዕቃችንን በጋሪ ጭነን ወጣን። ልጄ ያኔ ትንሽ ነበረች። ድስት ታቅፋ ከጋሪው ኋላ ኋላ ስትከተል ያየኋት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

አሁን ያለሁበት ግቢ ከአየር ጤና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። የገባሁ ዕለት አከራዬ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ በሩ ላይ አቁመው «ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ቱቦዬን ብቻ ጠብቂልኝ» አሉኝ። እንደ መሐላ ያዝኩት። የሰሃን እጣቢ በወንፊት እያጠለልኩ ነው የምደፋው። የሩዝ ፍሬ ብትሆን፣ የሽንኩርት ልጣጭ ብትሆን፣ በፌስታል ቋጥሬ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ነው የምሰጠው። ጎረቤቶቼ «ይቺ ሴትዮ ቱቦውን ጾም አስያዘችው» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ግቢው ወደ እኔ ክፍል ያዘነበለ ነው፤ የሁሉም ቤት እጣቢ በእኔ ደጃፍ ሥር አልፎ ነው ወደ ጉድጓዱ የሚሄደው። ማንም ይድፈነው ማን፣ ውኃው ተመልሶ የሚወጣው እኔ በር ላይ ካለችው መውረጃ ነው። ላየ ሰው ጥፋቱ የኔ ይመስላል።

ባለፈው ክረምት ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እኔ ዘንድ መጣች። ባሏ ክፍለ ሀገር ግንባታ ላይ ነው። ደግሞም በመጀመሪያ ልጅ የሚታረሰው እናት ቤት ነው፤ ክፍሉ ጠበበ አልጠበበ ወግ ወግ ነው። ማርያም ረድታት በሰላም ተገላገለች። ወንድ።

ከሐኪም ቤት ስንመለስ ግቢው ገንፎ ገንፎ ሸተተ። እኔ አንድ ድስት አሰናድቼ ነበር፤ ለካ እያንዳንዷ ጎረቤት የየራሷን ይዛ ልትመጣ ኖሯል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ገቡ። እትዬ ጴንጤ ስለሆኑ «እንኳን ጌታ ረዳሽ» አሉ እንጂ ገንፏቸው ከማንም አላነሰም። ከጎኔ የምትኖረው ጉራጌዋ ጎረቤቴ ደግሞ ቅቤ ነጋዴ ናት። የገንፎውን መሀል በጭልፋ ጎድጉዳ ቅቤውን ስታፈስበት ልጄ «ኧረ ይበቃል!» አለች።

«ዝም በይ! አራስ ነሽ እንጂ በሽተኛ አይደለሽም። ብዪ!»

ያን ሰሞን በየተራ እየመጡ አበሉልኝ። እኔን ከምድጃው አባረሩኝ፤ ድስት እንኳ አላስነካ አሉኝ። የበላንበትን በፈላ ውኃ እያለቀለቁ ላቫንዲኖው ላይ ይደፋሉ፣ ድስታቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ በነጋታው ሌላዋ ትመጣለች። ወንፊቴ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ። አየው ነበር። ግን ልጅሽን ሊያጠነክሩ የመጡ ሰዎችን «እጣቢያችሁን አጥልሉ» ይባላል? አይባልም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ የሕፃኑን ጨርቅ አጥቤ እጣቢውን ደፋሁት። አልወረደም። ቆሜ ጠበቅሁት። ጭራሽ ከደጃፌ መውረጃ ሌላ ውኃ፣ የኔ ያልሆነ ውኃ፣ ብቅ አለና ወደ ደፉ መጣ።

በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ አርባ ቀኑ ሞልቶ ክርስትና ሳይነሣ ከቤት አይወጣም። ዓይን አለ፣ ብርድ አለ፣ ምኑ ቅጡ። አሁን ውጪ ብባል ያንን ያልተጠመቀ ልጅ የት አደርሰዋለሁ? ጋሪው መጣብኝ። ዕቃው ከላይ፣ አራሷ ከኋላ። «እመቤቴ፣ አርባው እስኪሞላ ብቻ» አልኩና ባልዲ አነሣሁ።

ደፉን በጨርቅ አገድኩት። የተኛውን ውኃ በባልዲ እየቀዳሁ፣ ከላዩ እርጥብ ልብስ ጣል እያደረግሁ፣ ላሰጣ የምወጣ መስዬ ከግቢው ውጪ ካለው ቦይ እደፋ ጀመር። ተመልሼ ስገባ የቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«አንቺ፣ በዚህ ደመና የት ነው የምታሰጪው? ቆሼ ማዶ ፀሐይ ወጥቷል አሉሽ?»

ልብሱን ገለጥ አድርጋ ባልዲውን አየች።

«ተይ በናትሽ፣ እትዬ እንዳይሰሙ» አልኳት።

እሷ እቴ፣ ገበያ ያደገ ጉሮሮ! «እትዬ! ኧረ ቱቦው ተደፍኗል! አራሷ በር ላይ ባሕር ሆኗል!»

እትዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በቦት ጫማ መጡ። ደጃፌን አዩ፣ እኔን አዩ። ምንም ሳይሉኝ ቀደምኳቸው። «እትዬ፣ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ብቻ ይታገሱኝ። ከዚያ እኔው ራሴ ዕቃዬን አወጣለሁ።»

እሳቸው ግን «ክዳኑን አንሡ» አሉ።

የቱቦው ክዳን ከደጃፌ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው፣ የሲሚንቶ ነው። ሦስት ሆነን በአካፋ እጀታ ገለበጥነው። አፍንጫችንን ይዘን ነበር። ግን የሸተተን የጠበቅነው አይደለም። ኮሰረት ሸተተን። ኮረሪማ ሸተተን። የቱቦው አፍ በነጣ ቢጫ ነገር ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፤ የገንፎ ጓል ጓሉ እንኳ ይታያል። ለካ ያ ሁሉ የፈላ ውኃ ቅቤውን አቅልጦ ወስዶ የሐምሌ ብርድ ከመሬት በታች አርግቶታል።

እትዬ በእንጨት ነካ አደረጉትና ወደ ነጋዴዋ ዞሩ። «ይሄ ያንቺ ነው።»

«እትዬ ይሙቱ! የኔ ቅቤ እንዲህ አይነጣም። የእርስዎ ነው!»

«የኔንማ የወንድሜ ሚስት ከሰላሌ ነው የላከችልኝ!»

«ታዲያ ወደ ሰላሌ ሲመለስ መንገድ ላይ ደከመዋ!»

እትዬ ሳቃቸው አመለጣቸው። እንጨቱን ተደግፈው ወደ እኔ ዞሩ። «አየሽ? ጾም ያስያዝሽው ቱቦ ፍስክ ሲገባለት ጊዜ ታርሶ ተኝቷል!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ ልይዘው ብል አልተያዘልኝም።

«ደግሞ አንቺን ምን ነካሽ?»

«ያስወጡኛል ብዬ ነው።»

«እኔ?» አሉ። ቆጣ ብለዋል። «የራሴን ገንፎ አብልቼ፣ የራሴን ቅቤ ደፍቼ፣ አራስ ላስወጣ? ጌታ ምን ይለኛል? ያንቺስ ማርያም ዝም ትለኛለች? ሂጂ፣ ውኃ ጣጂ!»

ለሁሉም ነው ያዘዙት። ገንፎ ያበሰለ ድስት ሁሉ ውኃ ተጣደበት። ማን በኤሌክትሪክ፣ ማን በከሰል። እስኪፈላ ድረስ የረጋውን በጭልፋ እየዛቅን በፌስታል አወጣነው፤ ልጄ ከውስጥ «እማ፣ ምንድን ነው ጫጫታው?» ስትል ነጋዴዋ «ቅቤሽን እያስመለስንልሽ ነው፣ አንቺ ተኚ!» አለቻት። ከዚያ እትዬ አሮጌ የውኃ ጎማ ቱቦው ውስጥ ከተው ይጎረጉራሉ፣ እኛ በሰልፍ እንደፋለን። ያንዷ ሳይበርድ የሌላዋ መድረስ አለበት፤ ከበረደ ተመልሶ ይረጋል። ድስት ሰጥቼ ድስት እቀበላለሁ። ክንዴ ዛለ። ማንም «የማን ጥፋት ነው» አላለም።

መጀመሪያ ቱቦው እንደራበው ሆድ ጮኸ። ቀጥሎ ደጃፌ ላይ የተኛው ውኃ ዞረ፣ ዞረና ጠፋ። ነጋዴዋ እልል አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ለቱቦ እልል ሲባል በዕድሜዬ ገና መስማቴ ነው። ሕፃኑ በእልልታው ደንግጦ ቢያለቅስ እትዬ «ይልመደው፣ ቤቱ ነው» አሉ።

ቤቱ ነው አሉ። እሳቸው እንደ ቀላል ነገር ተናግረውት ሄዱ፤ እኔ ግን ደፉን እየጠረግሁ ብቻዬን ደጋግሜ አልኩት።

ከዚያ ወዲህ በግቢያችን ቅቤ የነካው ድስት ሳይታጠብ በፉርሽካ ይጠረጋል፣ ፉርሽካውም ለግቢው ውሻ ይሰጣል። የእትዬ ሕግ ነው። ውሻው መራመድ እስኪያቅተው ወፍሯል። ወንፊቴም ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ፍርሃቴ ጨርሶ ለቆኝ አይደለም። ውኃ ትንሽ ከዘገየ ልቤ ይመታል። ግን አሁን ባልዲ ደብቄ አልወጣም፤ በሬን ከፍቼ እጣራለሁ። የሚመጣልኝ ሰው አለኝ።

አርባው ሲሞላ ልጄ ሕፃኑን በነጠላ ሸፍና ለመጀመሪያ ጊዜ ከደጃፌ ወጣች። እትዬ ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን አይመጡም፤ የሚጸልዩት ሌላ ቦታ ነው። ግን በማለዳ ተነሥተው ያ የሲሚንቶ ክዳን ላይ ቆመው ጠበቁን። የሕፃኑን ነጠላ ገለጥ አድርገው አዩትና መልሰው ሸፈኑት።

«በሉ ሂዱ» አሉ። «ስትመለሱ ቁርስ እኔ ጋ ነው።»

ሄድን። ተጠመቀ። ተመልሰን በዚያው በር ገባን።