የሰዓቱን መዘውር ይዤ ወደ የካ

ወሬው የደረሰኝ በፍልሰታ ጾም በሁለተኛው ቀን፣ እንጦጦ ላይ የመገበሪያ ስንዴ ስለቅም ነው። እንጨት ተሸክማ ከታች የመጣች ሴት ሸክሟን አውርዳ፣ «እማሆይ፣ ያ ሰዓቱን የበላው ባለእጅ የካ ታሞ ተኝቷል፤ አይተርፍም ይላሉ» አለችኝ። ስንዴው ከእጄ ተበተነ። ሰዓቱን ምን እንደበላው ከእግዚአብሔር በታች የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከከተሙ ወዲህ ለቤተ ክርስቲያናችን አንድ አሮጌ የግድግዳ ሰዓት ተሰጥቶናል፤ ጠባቂዋ እኔ ነኝ። በበጋ የጾም መፍቻን የምናውቀው ጥላችንን በጫማ ለክተን ነው። በክረምት ግን ፀሐይ የለም፤ ያለ ሰዓቱ በግምት ነው የምንኖር። የነሐስ መዘውሩ ጥርሱ አልቆ በቆመ ጊዜ፣ ወርቄ የሚባል፣ እንደኔው ከጎንደር የመጣ ባለእጅ በብረት አዲስ ሠርቶ ገጠመለት። እኔም የባለእጅ ዓይን ፈርቼ፣ በየማለዳው በስውር ጠበል እረጨው ነበር። በሦስተኛው ወር ሰዓቱ ቆመ። ሕዝቡ ግቢው ውስጥ «ባለእጁ በላው! ባለእጁ በላው!» እያለ ወርቄን ገፍቶ አስወጣው። እኔ የጠበሉን ዋንጫ ይዤ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

ማለዳ፣ ቁልቁለቱ

በማግስቱ መዘውሩን ፈትቼ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወረድኩ። ጽዱ ተቆርጦ አልቆ ተዳፋቱ ላይ የቀረው ጉቶ ነው። ጭጋጉ ከፊቴ አስር እርምጃ እንኳ አያሳይም፤ ጭቃው ሁለት ጊዜ ጣለኝ። ለመንገድ የያዝኩት እፍኝ የሽንብራ ቆሎና ግማሽ አሞሌ ጨው ነበር።

ረፋድ፣ ቀበና

ወንዙ ሞልቷል። በሬ የሚነዳ ኦሮሞ ገበሬ ዳር ላይ ቆሞ አገኘሁ።

«ሃርሜ» አለኝ፤ በቋንቋው እናቴ ማለቱ ነው፤ «ዛሬ ይመለሱ። ማንን ብለው ነው?»

«ባለእጁን ወርቄን።»

በሬውን ወደ ውሃው አዞረ። «ማረሻዬን የሠራልኝ እሱ ነው። በሉ ጅራቱን ይያዙ። አጥብቀው! በሬው መነኩሲት መሆንዎን አያውቅም።»

እስከ ወገቤ ረጥቤ ተሻገርኩ። ጨዉን ብሰጠው፣ «ለሱ ይውሰዱለት» ብሎ መለሰልኝ።

ቀትር፣ የካ

ወናፉ በግድግዳው ተደግፏል፤ ምድጃው ቀዝቃዛ ነው። የወርቄ ሚስት ጥሩነሽ በእንስራ ውሃ ተሸክማ ከኋላዬ ደረሰች። ውሃው ድፍርስ ነው።

«ምንጩ ከቤታችሁ በላይ አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«ሰዓቱ ከቆመ ወዲህ ተከልክለናል። ምንጩንም ትበሉታላችሁ አሉን። እሱን ለዚህ ያበቃው ይኸው የወንዝ ውሃ ነው።»

ወርቄ ቁርበት ላይ ተጋድሟል፤ ከሰውነቱ የቀረው አጥንቱ ነው። መዘውሩን ስሰጠው ጥርሶቹን በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ዳሰሰ።

«ይኼ ዝገት ነው። ውሃ ማን አስነካው?»

ተንበርክኬ ነገርኩት። ሳል እስኪያንቀው ሳቀ። «ምነው እማሆይ፣ እኔን በረጩኝ! እኔ እንኳ አልዝግም።»

ጥሩነሽ አልሳቀችም። ወናፉን አንሥታ እግሬ ሥር ጣለችው። «እንግዲያው ይንፉ!» አለች።

ነፋሁ። እሱ ተኝቶ ያዛል፣ እሷ ትሠራለች። የተበሉትን ሁለት ጥርሶች ቆርጣ ጣለች፤ ከጥይት ቀለህ ነሐስ ቆርጣ በቦታቸው በየደች፤ የቀሩትን ዝገታቸውን በሞረድ ጠረገች። እሱ መዘውሩን ጆሮው አጠገብ እያሽከረከረ፣ «ገና ነው፣ ከዚህ ጎን ቀንሺ» ይላታል። ሥራው እስኪያልቅ ሦስት ጊዜ ራሱን ሳተ።

ጨዉን አስቀምጬ፣ «ለድካምህስ ምን ልስጥህ?» አልኩት።

«ባለእጁ አልበላውም ብለው ይንገሩልኝ። ለሷ ምንጩ ይከፈትላት።»

ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል ብለን በግምት ተስማማንና ቆሎዬን ለሦስት ተካፈልን። ከባለእጅ ጋር ስቆርስ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ሠርክ፣ እንጦጦ

ሳይጨልም ደርሼ መዘውሩን ገጠምኩ፤ ሰዓቱ ተነሣ። ካህናቱ «ጸሎታችን ተሰማ» አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆሜ የጠበሉን ነገር አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። አለቃው ራርተው አዩኝ። «እማሆይ፣ ጾሙ አድክሞዎታል፤ ይረፉ» አሉኝ። ሰዉም ተበተነ።

ወርቄ ጾሙ ሳይፈታ ሞተ። ቀብሩ ላይ አራት ሰዎች ነበርን፤ አንደኛው ያ ገበሬ ነው። ጥሩነሽ ዛሬም የምትቀዳው ከወንዙ ነው። ዝም ባልኩበት ቀን አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ አሁን የኔ ቃል ብቻውን አልበቃም። ከዚያ መንገድ ይዤ የተመለስኩት ይኸን ነው።

ያን ዕለት በግቢው የነበራችሁ፣ ስማችሁን አልጽፍም። ሰዓቱ ሲደውል የምትሰሙት የሱን እጅ ሥራ ነው። ወደ የካ ውረዱ። ምንጩ አፋፍ ላይ ቆማችሁ፣ ያኔ በጮኻችሁበት ድምፅ፣ ለጥሩነሽ «ባለእጁ አልበላውም» በሏት። እንስራዋንም እናንተው ሙሉላት።