ያልቀረብኋት ታንኳ

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም። ጣሊያን ባሕር ዳር ከገባ በኋላ፣ ከመውጣቱም በፊት መሆኑን ብቻ አውቃለሁ። ሁለተኛው ዓመት ይሁን ሦስተኛው ማን ቆጥሮ። ወሩ ግን ኅዳር ነው። ጭጋጉን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ያስታወሰኝ ያለፈው እሑድ ነው። ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ የሚማረው የልጅ ልጄ ቢኒያም ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣና ከቪዲዮ ቤት የተከራዩትን ሲዲ ከፈቱ። እኔ ጥጌን ይዤ ቆሎዬን እቆረጥማለሁ። እቆረጥማለሁ የምለው ለወጉ ነው፤ የቀሩኝ ጥርሶች እርስ በርስ አይገናኙም።

ፊልሙ ስለ አንዲት መርከብ ነው። ሰው የለባትም፤ ብቻዋን ባሕር ላይ ትሄዳለች። ሌሎች ሰዎች ያዩዋትና ይወጡባታል፤ ከዚያ ውስጧ ያለው ነገር አንድ በአንድ ይጨርሳቸዋል። ልጆቹ እንደ መፍራት ይሥቃሉ።

«ኧረ ገመዱ ይታያል!» ይላል አንዱ። «ይሄ ደግሞ መንፈስ ነው? ዱቄት የተደፋበት ዘበኛ ነው እንጂ።»

«መርከቧስ ብትሆን ካርቶን አይደለች? ትንሽ ካፊያ ቢነካት ትሟሟለች» ይላል ሌላው።

ቢኒያም ደግሞ እጁን እያወራጨ፣ «እኔን የሚያናድዱኝ ሰዎቹ ናቸው። ባዶ መርከብ እያዩ ለምን ይገባሉ? ጅሎች! እኔ ብሆን ዞሬ እሄዳለሁ» አለ።

ቆሎው አፌ ውስጥ ቀረ።

ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የተወለድሁት ዘጌ ነው። ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ሳልጨርስ አባቴ ስለ ሞተ መጽሐፉን ትቼ መቅዘፊያ ጨበጥሁ። ከዘጌ ጌሾና እንጨት በታንኳ ጭኜ ባሕር ዳር ማድረስ ሥራዬ ነበር። የዛሬውን የሞተር ጀልባ የለመደ ሰው እንዳይሳሳት፣ ታንኳ የምለው ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል የምትታሰረውን ነው። አትሰምጥም፤ ግን ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች። ፀሐይ ላይ ካላሰጧት በጥቂት ወር ትበሰብሳለች። እንደ ሰው ናት፤ እረፍት ትፈልጋለች።

ታንኳዬን የሚያስሩልኝ አያ እንድሪስ ነበሩ። ቤታቸው ባሕር ዳር፣ ውሃው አፍ ላይ ነው። አባታቸውም አያታቸውም በታንኳ ማሰርና በዓሳ የኖሩ እስላሞች ናቸው። ልጃቸው ሰይድ እኩያዬ ነበር፤ ከእኔ የተሻለ ቀዛፊ፣ ከእኔ የተሻለ ሣቂ። በሥጋ እንለያያለን፤ እነሱ የእኛን አይበሉም፣ እኛም የእነሱን። ዓሳን ግን አያ እንድሪስ፣ «ይህ የማንንም ቢላ አይጠብቅም፤ ከውሃ ሲወጣ የሁላችን ነው» ይሉ ነበር። ፍም ላይ የተጠበሰውን ቀረሶ ዓሳ በሎሚና በሚጥሚጣ ከአንድ ገበታ ስንበላ፣ ሰይድ እሾሁን ቶሎ ለቅሞ ትልቁን ቁራጭ ይወስዳል። እኔ ስቆጣ፣ «የዘጌ ሰው ሆይ፣ አንተ ቡና ቀቅል፤ ዓሳ ለባለቤቱ ነው» ይለኛል።

በጣና ሐይቅ ላይ አንድ ደንብ አለ። ማንም አልጻፈውም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ባዶ ታንኳ ያየ ሰው ሳይቀርብ አያልፍም። ታንኳ ብቻዋን ለመንገድ አትነሣም፤ ብቻዋን ከታየች ሰው ጥላለች ማለት ነው። ሰውየውም ከጎኗ ይሆናል። ቀርበህ ትጣራለህ፤ ዙሪያዋን ትዞራለህ፤ ማንም ባይኖር እንኳ ጎትተህ ወደ ዳር ታወጣታለህ። ይህን ያስተማሩኝ አያ እንድሪስ ናቸው፤ ገና የመጀመሪያዋን ታንኳ ሲያስሩልኝ።

ታዲያ በዚያ ኅዳር፣ አንድ የገበያ ቀን፣ ጣሊያኖች እህል የሚያከማቹበትን መጋዘን መስኮት በሸራ ሸፍነው ውስጡን አጨለሙና አቡጀዲ ወጠሩ። ገበያተኛውን እየጠሩ አስገቡት። ሲኒማ የሚባል ነገር ስናይ የመጀመሪያችን ነው። እኔና ሰይድ ከፊት ተቀመጥን፤ አያ እንድሪስ ከኋላችን። ቤቱ በርበሬና እርጥብ ጆንያ ይሸታል። ከዚያ ከኋላችን የሲኒማው መኪና ማጉረምረም ስትጀምር አቡጀዲው ላይ ባሕር መጣ።

ሸራዋ የተቦጫጨቀ መርከብ ነበረች። ሰው የለባትም፤ ከላይዋ ነጭ ነገር ይወዛወዛል። በሌላ መርከብ የሚሄዱ ሰዎች አዩዋት፤ አዩዋትና ፊታቸውን አዙረው ሸሹ። ቀጥሎ ከመርከቧ ሆድ ፊታቸው ኖራ የመሰለ ሙታን ተነሡ። ሴቶቹ ጮኹ። አጠገባችን የነበሩ አንድ ደብተራ በስመ አብ ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ በነጠላው ቀዳዳ ግን ያዩ ነበር።

ስንወጣ በሩ ላይ አንድ የጣሊያን ሹም ሲጋራውን ይዞ ተቀምጧል። አስተርጓሚው፣ «ጌታው ሲኒማው እንዴት ነበር ይላሉ፤ ተናገሩ!» አለን። ጣሊያን ጠይቆህ ምን ትመልሳለህ? በመጨረሻ አንዲት ጠላ ሻጭ ደፈረች።

«እኒያ ሙታን ምን እየበሉ ነው የሚኖሩት? ድስት እንኳ አላየሁባቸው።»

ሰው ሣቀ፤ ከዚያ ወዲያ ምላስ ሁሉ ተፈታ። ደብተራው፣ «አጋንንት ናቸው፤ ጠበል ሳይረጩ ማሳየታቸው ነው ጥፋቱ» አሉ። አንድ የጨው ነጋዴ፣ «እኔ የማዝነው ለአቡጀዲው ነው። ለስንት ድኻ ከፈን ይሆን ነበር» አለ።

አያ እንድሪስ ጺማቸውን እያሻሹ፣ «መርከቡ መጫወቻ ነው» አሉ። «ባሕሩም ባሕር አይደለም፤ በቅሎ የሚጠጣበት ገንዳ ነው።»

«በምን አወቅህ?» አላቸው አስተርጓሚው።

«በጠብታው ነዋ። መርከቡ ያን ያህል ትልቅ ከሆነ ከጎኑ የሚዘለው ጠብታ የበሬ ራስ ያህላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጠብታ ደግሞ አላህ አልፈጠረም።»

ሰዉ እንደገና ሲሥቅ እሳቸው አልሣቁም። «ሙታኑ ምንም አይደሉ። የከፉት እኒያ ባዶ መርከብ አይተው የዞሩት ናቸው። የውሃ ሰው እንዲህ አያደርግም» አሉ።

አስተርጓሚው ይህን ሁሉ ለሹሙ በሁለት ቃል ነገረው። «ወደዱት» ያለ ይመስለኛል፤ ሹሙ ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ።

ሰይድ አባቱን አምኖ መንገዱን ሁሉ በሙታኑ ሲቀልድ ሄደ። እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ በልቤ ግን አላመንኋቸውም። አያ እንድሪስ ታንኳ ያውቃሉ እንጂ የፈረንጅን መርከብ የት አይተውት? እያልሁ። ልጅነት እንዲህ ነው፤ ከሚያውቀው ሽማግሌ ይልቅ የማያውቀው አቡጀዲ ያሳምነዋል።

ሳምንት አልሞላም። የጣና ነፋስ ከቀትር በኋላ ስለሚነሣ መንገዳችን በማለዳ ነው። ጌሾዬን ጭኜ ከዘጌ ተነሣሁ። ጭጋጉ ከመቅዘፊያዬ ጫፍ ወዲያ አያሳይም። ባሕር ዳር ልደርስ ስል፣ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት በኩል፣ ጭጋጉ ትንሽ ገለጥ አለ።

ታንኳ ነበረች። ሰው የለባትም። ከመካከሏ ነጭ ነገር ቆሞ ይወዛወዛል፤ ይወድቅና ደግሞ ቀና ይላል። ቀጭን ድምፅም የሰማሁ መሰለኝ።

ዓይኔ ያየው ታንኳ ነው፤ ልቤ ያየው ያን መርከብ ነው። ደንቡን ግን አልረሳሁትም። ይህን ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ፤ ደንቡ አልጠፋኝም። «ቅረብ» የሚለው ቃል በአያ እንድሪስ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር። መቅዘፊያውን በሌላ በኩል አስገባሁና ዞርሁ። ወደ ኋላም አላየሁም።

ስደርስ አያ እንድሪስ ዳር ላይ ተቀምጠው ደንገል ያስራሉ። ላቤን አይተው ሣቁ።

«ምን ነው ዛሬ እንዲህ የፈጠንህ? ጉማሬ አባረረህ እንዴ?»

«ነፋሱ ሳይነሣ ብዬ ነው፣ አያ።»

«ደግ አደረግህ። ና፣ ዓሳ አለ። ሰይድን በመንገድ አላየኸውም? መረቡን ሊያነሣ ሳይነጋ ወጥቶ ነበር።»

«አላየሁትም» አልሁ።

እውነት ነው፤ እሱን አላየሁትም። የታንኳዪቱ ነገር አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ከተናገርሁ «ለምን አልቀረብህም?» ይሉኛል፤ «የገንዳ ውሃ ያስፈራው ቀዛፊ» ተብሎ ስሜ በዳርቻው ሁሉ ይወጣል። ሰይድ ይሆን? የሚለው ሐሳብ ያኔ ብልጭ አለብኝ፤ አባረርሁት። ሰይድ ከእኔ የተሻለ ቀዛፊ ነው፣ ምን ያገኘዋል አልሁ። ተቀምጬም ዓሳውን በላሁ። ትልቁን ቁራጭ የሚነጥቀኝ አልነበረም። በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ብዙ መራራ ነገር ቀምሻለሁ፤ እንደዚያ ቁራጭ ጉሮሮዬ ላይ የቆመ የለም።

ቀትር ሆነ፤ ነፋሱ ተነሣ። አያ እንድሪስ ደንገሉን ጥለው ውሃውን ማየት ጀመሩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በአራት ታንኳ ፍለጋ ወጣን። እኔ፣ «በዓባይ አፍ በኩል እንሞክር» አልሁ፤ ለምን እንደምል ግን አልተናገርሁም። ነፋሱ ከዚያ ገፍቶ ወስዶት ኖሮ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደንገል ውስጥ አገኘነው።

ጉማሬ ገልብጦት ጭኑ ተሰብሯል። መውጣት አቅቶት ታንኳዋን ከጎን ታቅፎ ውሃ ውስጥ ውሏል። መቅዘፊያው ላይ ኩታውን አስሮ በአንድ እጁ ይዞታል፤ አቅም ሲያገኝ ከፍ ያደርገው ነበር። ነጩ ነገር ኩታው ነበር።

አባቱ ሲያወጡት፣ «አባዬ፣ ጠዋት አንድ ሰው በአጠገቤ አለፈ» አለ። «መቅዘፊያውን ሰማሁት። ልጣራ ድምፄ እንቢ አለኝ።» ትንሽ ዐረፈና፣ «ጭጋግ ነበር። አላየኝም ይሆናል» አለ።

በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ከዚያ በኋላ ውሃ አልነካሁም። ዘጌ፣ ጫካው ውስጥ እንጨት እየፈለጥሁ ከረምሁ። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው ብላ ጠበል አስጠመቀችኝ፤ ጠበሉ የሚያጥበውን አንድዬ ያውቃል። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። ጾሙ ከገባ በኋላ አንድ ጠዋት፣ አያ እንድሪስ ብቻቸውን ቀዝፈው ዘጌ ድረስ መጡ። ከኋላቸው አዲስ ታንኳ ይጎትታሉ።

«የዱሮዋን ዳር ላይ አበስብሰሃት አየሁ» አሉኝ። «ይችን አስሬልሃለሁ።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «አያ፣ ያለፈው ሰው እኔ ነበርሁ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «በዚያ ጠዋት ከዘጌ የመጣች ታንኳ አንዲት ናት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንተ እስክትናገር ነዋ። እኔ ብናገረው ክስ ይሆናል።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ አያ።»

«ይቅርታው ገና አልመጣልኝም። መዋሸት አልችልም። አላህ ሲሰጠኝ እነግርሃለሁ። እስከዚያው ተነሣ፤ ውሃ የሚፈራ ቀዛፊ ለእኔም ለልጄም አይረባም።»

በአዲሷ ታንኳ አብረን ወጣን፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ብዙውን መንገድ የቀዘፉት እሳቸው ናቸው። ወደዚያ ቦታ ስንደርስ መቅዘፊያቸውን አነሡ። ጭጋግ አልነበረም፤ ውሃው እንደ መስተዋት ጠርቷል።

«ጥራ» አሉኝ።

«ማንን?»

«ሰው ካለ።»

«ሰው አለ?» ብዬ ጮኽሁ። ድምፄ ሄዶ ሄዶ ጠፋ። አያ እንድሪስ ጀርባቸውን እንደ ሰጡኝ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከዚያ መቅዘፊያቸውን አስገቡ፤ ሄድን።

ይቅር ብዬሃለሁ የሚለውን ቃል ከአፋቸው ሳልሰማ ጣሊያን ወጣ፤ እሳቸውም ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞቱ። ግን እስኪሞቱ ድረስ ታንኳዬን የሚያስሩልኝ እሳቸው ነበሩ፤ ዓሳውንም ከአንድ ገበታ በላን። ትልቁን ቁራጭ ሁለታችንም ሳንነካ እንተወው ነበር። እሱን ይቅርታ ብዬ ልቁጠረው ወይስ አልቁጠረው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እሑድ ዕለት ፊልሙ ሲያልቅ ቢኒያም ወደ እኔ ዞረ።

«አባባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ? እንዴት ነበር?»

«ጠብታው ትልቅ ነው» አልሁት። አልገባውም። «ሰዎቹ ግን ጅሎች አይደሉም። መቅረባቸው ደግ ነው።»

«ኧረ አባባ! ሁሉም ሞቱ እኮ!»

«ቢሆንም» አልሁ። ልጆቹ ሣቁ፤ እኔም ልተርከው አልሁና ተውሁት። ስለዚህ እዚህ ጻፍሁት፤ አንድ ቀን ያነበዋል።

ከአያ እንድሪስ ጋር ከወጣሁበት ጠዋት ወዲህ፣ ሐይቁን እስክተው ድረስ፣ ባዶ ታንኳ አይቼ ሳልቀርብ ያለፍሁበት ቀን የለም። አንድ ጊዜ አንዲት ነፍሰ ጡር ከነሕይወቷ አግኝቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ገመዷን በጥሳ የሄደች ባዶ ታንኳ ነበረች። ቢሆንም በቀረብሁ ቁጥር ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። እንደምንም ያቀረበኝ የእኔ ብርታት አይደለም። ሁልጊዜ ከፊቴ የአንድ ሰው ጀርባ ይታየኛል፤ ልጁን ጥዬ ያለፍሁበት፣ መጥቶ ግን ወደ ውሃው የመለሰኝ ሰው፤ አያ እንድሪስ።