ንጋትወርቅን ያስቀመጥኩበት ወር

ባለቤቴ ንጋትወርቅ አዋሽ ከተማ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ብርቱካን ሸጣለች። ሱቅ የላትም። ጠዋት ቅርጫቷን ተሸክማ ወደ ዋናው መንገድ ትወርዳለች፤ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ከመስኮት መስኮት ትሮጣለች። ምሳ ሰዓት ቤት ትመለሳለች፤ ፀሐይ በረድ ሲል ደግሞ ትወርዳለች። ሦስት ልጆቻችንን ያሳደገችው በእግሯ ነው ብል አላጋነንኩም።

እኔ በለጠ የድሮው ባቡር ሠራተኛ ነበርኩ። ሐዲዱን በእግሬ እየተከተልኩ በመጋጠሚያዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት እለካ ነበር፤ ሁሉም እኩል መሆን አለበት። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ግን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሥራዬ የባለሱቁ የከድሩ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን መተቸት ነው።

ባለፈው ጥር ከሰመራ የመጡ የጤና ባለሙያዎች ቀበሌያችን ውስጥ ለልብ ምርመራ ሰው ሲመዘግቡ ሁለታችንም ተመዘገብን። ደረታችን ላይ ቀበቶ መሳይ ነገር ታስሮልን ዋልን፣ አደርን። በማግስቱ ሂያም የምትባል ወጣት ነርስ የልኬቱን ወረቀት አየችና፣

«አባባ፣ የእርስዎ ልብ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ብዙም አይለያይም። የእማማ ግን ይለያያል፤ አንዴ ረዘም፣ አንዴ አጠር ይላል» አለችኝ።

ልትቀጥል ስትል፣ «ገባኝ የኔ ልጅ፣ ክፍተት ስለካ ነው የኖርኩት» ብዬ ተነሳሁ። ከወር በኋላ ሰመራ እንድንመጣ ቀጥራን ሄደች።

ያን ቀን ልቤ እንደ ሰዓት እንደሚመታ በረንዳው ላይ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ስለ ንጋትወርቅ ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ልቧ ተዛብቷል አልኩ። ከድሩ ደንግጦ ቤታችን ድረስ መጣ።

«አላህ ያሽርሽ እትዬ ንጋት፣ አብሽሪ» አላት።

«ኧረ ምንም አያመኝም» አለች።

ማን ሰምቷት? ቅርጫቷን ቀምቼ ቁም ሳጥኑ ላይ አወጣሁት። ብትለምነኝ፣ «ልኬት የማውቀው እኔ ነኝ» አልኳት። አሁን ሳስታውሰው ፊቴን የት እንደማደርገው ይጨንቀኛል።

ወሩን ሙሉ ተቀመጠች። እንቅልፍ እምቢ አላት፣ ምግብ አስጠላት። እኔም በሽታው እየጠናባት ነው እል ነበር።

ሰመራ ከመናኸሪያው እስከ ጤና ጣቢያው በእግር ሄድን። ሻንጣውን የያዘችው እሷ ናት። እኔ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ አጥሮኝ ቆምኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ፣ «ለልብሽ ብዬ ነው» አልኳት።

ሂያም እንደገና ለካችንና ግራ ገባት።

«እማማ፣ ምን ነካዎት? ያን የመሰለ ልብ ነበረዎት እኮ። መለያየቱ ጥሩ ነገር ነው፤ በሽታ የሚባለው መዛባት ሌላ ነው። በየቀኑ የሚንቀሳቀስ ሰው ልብ ሲያርፍ በደንብ ያርፋል፣ ሥራ ሲመጣበት ቶሎ ይነሳል። ተቀምጦ የሚውል ሰው ልብ ነው እየቆየ አንድ ዓይነት መምታት የሚያበዛው። ያኔም ለአባባ በእግር እንዲሄዱ ልነግራቸው ነበር፤ ሳያስጨርሱኝ ተነሱ እንጂ።»

ጆሮዬ ጋለ።

«ሥራ አቁመው ነበር እንዴ?» ስትል ጠየቀቻት።

ንጋትወርቅ አየችኝ። ከዚያ አንገቷን ደፍታ፣ «ሰንፌ ነው ልጄ» አለች።

አሥራ አምስት ዓመት በረንዳ ላይ የተጎለትኩት ሰውዬ አጠገቧ ቆሜ ይህን ሰማሁ። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት» ማለት ሦስት ቃል ነው። ከአፌ አልወጣም። በዚያች ሰዓት ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ አዋሽ እንደተመለስን ቅርጫቱን አውርጄ ሞላሁና እኔው ተሸክሜ አብሬያት ወረድኩ። መንገዱን ሳላጋምስ ቅርጫቱን ተቀበለችኝ። አውቶቡስ ሲቆም አንድ የምታውቀው ሾፌር አንገቱን አውጥቶ፣ «ንጋት፣ ወር ሙሉ የት ጠፋሽ?» አላት።

ያቺን «ሰንፌ ነው» ያለቻትን ቃል ልትደግማት እንደሆነ ገባኝ።

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት» አልኩ፣ እያለከለክሁ።

ሾፌሩ የሞተሩ ድምፅ ንግግሬን ውጦበት አልሰማኝም። እሷ ግን ሰምታለች። አምስት ብርቱካን እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ «የኋላ መስኮቶቹን አንተ ያዝ» አለችኝ።