ከባካው ቶሪኖ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ከአገራችን ከተማ ከባካው እስከ ጣሊያኗ ቶሪኖ በአየር አንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ይህን በእኛ በሮማኒያውያን ዘንድ የማያውቅ የለም፤ ጋቭሪልም ያውቃል። ግን እሱ የሚኒባስ ሾፌር ነው። በየሳምንቱ ሃንጋሪን አቋርጦ፣ ወገቡን እየዳበሰ፣ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ሙሉ ይነዳል። ሰው ይጭናል፤ ከሰው ይበልጥ ግን እናቶች ለልጆቻቸው የሚልኩትን ቋሊማ፣ አይብና በጨው ውሃ የተዘፈዘፈ ጎመን ይጭናል። አውሮፕላን ያንን ሁሉ ኮተት አይቀበልም።

ሚስቱ አግላያ እንደኔው ቶሪኖ ውስጥ አሮጊት እየተንከባከበች ትኖራለች። አንድ ክፍል ስለምንጋራ ትዳራቸውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ትዳር ከተባለ! እሁድ እሁድ ከስታዲየሙ ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ይገናኛሉ። እሱ ዕቃ ያወርዳል፣ እሷ የባለዕቃውን ስም ትጠራለች። ያመጣችለትን ሾርባ ቆሞ ይጠጣና ይመለሳል። ልጃቸውን ያስተማሩት እንዲህ ሆነው ነው። እኔን ግን ያበግነኝ ነበር።

ባለፈው ታኅሣሥ የአግላያ ማህፀን ላይ ዕጢ ተገኘና ቀዶ ሕክምና ታዘዘላት። አሳማ የሚታረድበት፣ የጋቭሪል መኪና እስከ ጣሪያው የሚሞላበት የገና ሰሞን ነበር።

«ስገባ እጄን እንድትይዘኝ ነው የምፈልገው» አለችው በስልክ። «ሌላ ነገር ጠይቄህ አላውቅም።»

«የሰው ዕቃስ?»

ስልኩን ነጠቅኳት። «አንተ ጋቭሪል! ቋሊማ በለጠብህ? ሁለት ሰዓት ተኩል እኮ ነው!»

«እሺ፣ በቃ እመጣለሁ» አለ በመጨረሻ።

መኪናውን ለወንድሙ ሰጥቶ፣ ሱፉን ለብሶ፣ በአውሮፕላን በቀጠሮዋ ቀን ጠዋት ሆስፒታል ደረሰ። «ይኸው ነው እንዴ? ቀበቶውን አስሬ ሳልጨርስ አረፈ እኮ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። በዚያ መንገድ ላይ የፈጀው ዕድሜ ትዝ ብሎት ይመስለኛል።

አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ እጇን ያዘ። ስለ ልጃቸው፣ ስለ በረዶው ጥቂት አወሩ። ወዲያው አንገቱ ዘመም አለ። ዞር ብዬ ሳየው ያንኮራፋል!

የሚወስዷት ነርሶች መጡ። «ይሄን ሰውዬ ጎትቼ ነው የማስነሳው!» ብዬ ብድግ ስል አግላያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«እንዳትነኪው።»

እጇን ከእጁ ቀስ ብላ አወጣችና ብቻዋን ገባች። እኔ በንዴት አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ በሰላም ወጣች። ጋቭሪል አልጋዋ አጠገብ ቆሞ በሱፉ እጅጌ ዓይኑን ይጠርጋል።

«ለምን አልቀሰቀስሽኝም? ለዚህ አይደል እንዴ የመጣሁት!»

አፏ ደርቆ ስለነበር ጎንበስ ብሎ ነው የሰማት።

«እንዴት ልቀስቅስህ? ስትተኛ ካየሁህ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።»