በራዲዮ ችሎት የተያዘችው በቅሎ

እሑድ የዕረፍት ቀን ነው ይባላል። ለእኔ ግን ዓምና ከግንቦት መባቻ ጀምሮ ከሳምንቱ ሁሉ የሚከብደኝ ቀን እሑድ ነበር። ስድስቱን ቀን አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ፣ በአንድ ሽማግሌ አርመን ሱቅ ውስጥ ቆሜ አቡጀዲ ስለካ እውላለሁ። ማታ ክንዴ ከትከሻው የተለየ ይመስለኛል። በሰባተኛው ቀን ደግሞ በዘጠኝ ሰዓት እዚያው ሱቅ ተመልሼ ከራዲዮው አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ሣጥኑ በፈረንሳይኛ የሚናገረውን ለሰዎች በአማርኛ እናገራለሁ።

ፈረንሳይኛ ያስተማረኝ የለም። ከባሕር ማዶ የሚመጣ የሸክላ ዕቃ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው፤ ጋዜጣውን እያቃናሁ አነበብሁ። መዝገበ ቃላትም ነበረኝ፤ መጨረሻው የተቀደደ ስለሆነ በመጨረሻዎቹ ፊደላት የሚጀምሩትን ቃላት ከሌሎቹ በጣም ዘግይቼ ነው ያወቅኋቸው። አሠሪዬ፣ ሁላችንም «ሙሴ» የምንለው፣ ፈረንሳይኛው ከዕቃ ስም አያልፍም ነበር። ራዲዮውን ያስመጣው ለዘፈን ነው። ሽቦውን ከጣራው እስከ ጓሮው ባሕር ዛፍ ድረስ እኔው ራሴ ወጥቼ ዘረጋሁለት። አንድ እሑድ ዘፈን ሲፈልግ በር ሲጢጥ ሲል፣ የሰው ኮቴ ደረጃ ሲወጣ፣ ከዚያም ሴት ስትጮኽ ሰማ። እጁን ከመዘውሩ ላይ አነሣና «ምንድን ነው የሚሉት?» አለኝ። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

የነፍስ ግድያ ታሪክ ነበር። ከከተማ ርቆ ባለ ቤት አንድ ባለጸጋ ከውስጥ በተቆለፈ ክፍል ሞቶ ይገኛል። በቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የወንድሙ ልጅ፣ ሐኪሙና አንድ ሽማግሌ አሽከር። ታሪኩ በየእሑዱ ግማሽ ሰዓት ይነገርና ልክ አንዱ በር ሊከፈት ሲል ይቆማል። ልብን አንጠልጥሎ ሳምንት ያስጠብቃል።

በሁለተኛው እሑድ ከጎረቤት ሱቅ አንድ የወሎ ጥጥ ነጋዴ መጣ። የሚናገረው ሁሉ ሰው የሚያስቅ፣ ስምንት የጭነት በቅሎዎች የነበሩት ሰው ነው። እሱን ተከትለው አንድ ሽማግሌ ገቡ። እኒህ ሰው ቀድሞ ጠበቃ ነበሩ። ዛፍ ሥር በሚቀመጡ ችሎቶች ኩታቸውን ወገባቸው ላይ አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን እየሰበቁ ሲሟገቱ መንገደኛው ሥራውን ትቶ ይቆምላቸው ነበር ይባላል። አሁን ነገር ሁሉ በጽሑፍ ይቅረብ ተብሏል፤ እርሳቸው ደግሞ ማንበብ እንጂ መጻፍ አያውቁም። የቀረቻቸው አንዲት በቅሎ ናት። አመድማ፣ የኋላ ግራ ኮቴዋ ነጭ። ለቅሶ ለሚሄዱ ወይዛዝርትና ለአንድ ቄስ ያከራዩዋታል፤ የሚበሉት ከዚያ ነው።

ጥቂት እንደ ተረጎምሁ ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። ይህ ልጅ ምሏል?»

«ለምኑ?» አለ ነጋዴው።

«አስተርጓሚ ሳይምል የተረጎመው ነገር በየትኛው ችሎት ይቆማል?»

ከአንገታቸው ዳዊታቸውን ከነማኅደሩ አውርደው አስያዙኝ። ከሰማሁት ሳልጨምር፣ ከሰማሁት ሳልቀንስ፣ ለማንም ሳላደላ እንድናገር አስማሉኝ። ነጋዴው «ዳዊቱ የእርስዎ ነው፤ ወደ እርስዎ ቢያደላስ?» ብሎ አሳቀን። ሙሴም የሣጥኑ ጌታ ነውና ዳኛ ይሁን ተባለ፤ በአቡጀዲ እስር ላይ አስቀመጡት። ደስ አለው። ሁሉም ጨዋታ ነበር። መሐላው ግን መሐላ ነው፤ እጄ ዳዊቱ ላይ እንዳረፈ ይህን አውቄዋለሁ።

በሦስተኛው እሑድ ሐኪሙ ለመርማሪው ቃሉን ሰጠ። የክፍሉ ሁለተኛ ቁልፍ በአሽከሩ ቀበቶ ላይ ይንጠለጠል እንደ ነበር ተናገረ። የመዝጊያው ዘፈን መጣ፤ የዕለቱ ክፍል አለቀ። ነጋዴው ጭኑን መታ።

«አለቀ። አሽከሩ ነው።»

«ቁልፍ መያዝ ከገደለማ የጊዮርጊስ ገበዝ ስንቱን ፈጅቷል» አሉ ሽማግሌው።

«አባቴ፣ እኔን የሚገድለኝ ቢኖር በቅሎ ነጂዬ ነው። የት እንደምተኛ የሚያውቅ ሌላ ማን አለ?»

«እንግዲያው ደመወዙን ጨምርለት።»

ሳቅን። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ ተነሥተው ኩታቸውን አጣፉ። እንደ ጥንቱ ሙግት «በላ ልበልሃ» ብለው ጀመሩ። የወንድሙ ልጅ ርስት ወራሽ መሆኑን አነሡ። ሐኪሙ ሳይጠየቅ ስለ ቁልፍ መናገሩን አነሡ። አሽከሩ እስካሁን አንድም ቃል እንዳልተናገረ፣ ያልተሰማ ሰው እንደማይፈረድበት ተናገሩ። የራዲዮውን ድምፅ ሳይቀር ምስክር አድርገው ቆጠሩት፤ ደረጃውን የወጣው ኮቴ ፈጣን ነበር፣ አሽከሩ ግን ስለ እሱ በተነገረው ሁሉ እግሩን የሚጎትት ሽማግሌ ነው አሉ። ይህን እኔ እንኳ ልብ አላልሁትም ነበር። ዘንጋቸው ከጣራው ላምባ ጋር ሊጋጭ ለጥቂት ቀረ። ያን ያህል ዘመን ዝም ብለው የኖሩ ሰው አይመስሉም ነበር።

ነጋዴው «አፍ ነው እንጂ መያዣ የለም» አለ፤ ለጨዋታ ነው ያለው።

«በቅሎዬን እወራረዳለሁ። አሽከሩ ንጹሕ ነው።»

ነጋዴው ወደ ኋላ ማለት አልቻለም፤ እሱም ከስምንቱ አንዷን ተወራረደ። በእኛ አገር ሕግ የተረታ ሰው ውርርዱን የሚከፍለው ለረታው ሳይሆን ለዳኛው ነው። ሙሴ ይህን ያወቀ አይመስለኝም። በማግሥቱ ማለዳ ሱቅ ስከፍት ሁለት በቅሎዎች ጓሮ ታስረው አገኘሁ። «ምንድን ናቸው?» አለኝ ሙሴ። «መያዣ» አልሁት። እስከ ፍርዱ ቀን እንደማይፈቱም ነገርሁት። ለሁለት እሑድ ብቻ መስሎን ነበር።

አራተኛው እሑድ አለፈ። በአምስተኛው ሰኔ ገብቶ ነበር፤ ሰማዩ ከእንጦጦ በኩል ጠቁሮ ዋለ። መርማሪው ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ አዳራሽ ሰበሰበ፤ ገዳዩን ዛሬ ከመካከላችሁ አወጣለሁ አለ። ስተረጉም ሽማግሌው በደስታ ነጋዴውን በክርናቸው ነኩት።

«አየህ? እነሱም አውጫጭኝ ይቀመጣሉ።»

መርማሪው የእያንዳንዱን ነገር አነሣ፣ ጣለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለዚህ ገዳዩ» ሲል መብረቅ ወረደና ሣጥኑ እንደ ተልባ ቆሎ ይንጣጣ ጀመር። ሙሴ መዘውሩን ቢያዞር ባሰበት። እኔ ጆሮዬን ድምፁ በሚወጣበት ጨርቅ ላይ ለጠፍሁ። ከዚያ ውስጥ አንድም ቃል አልለየሁም። ድምፁ ሲጠራ የመዝጊያው ዘፈን ነበር፤ ታሪኩም በዚያው አልቋል።

ሦስቱም እኔን ያዩኛል።

«ማን አለ?» አለ ነጋዴው።

«አልሰማሁም።»

«ትንሽም?»

«ምንም አልሰማሁም።»

ነጋዴው ወደ ሽማግሌው፣ ከዚያ ወደ ጓሮው ዐየ። ክፉ ሰው አልነበረም። ድምፁን አለሳልሶ «አንተ ነገሩን ከሁላችን አብልጠህ ታውቀዋለህ። የወንድሙ ልጅ ነው ብትል ማን ይጠይቅሃል?» አለኝ።

«ምሏል» አሉ ሽማግሌው።

እኔም ራዲዮውን ዘጋሁት።

በዚያ ሳምንት ለራዲዮ ጣቢያው ደብዳቤ ጻፍሁ። ሰባት ጊዜ ጽፌ ስድስቱን ቀደድሁ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገዳዩ ማን ነበር። ሙሴ ቴምብር ሰጠኝ። ደብዳቤው በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ሄደ።

ክረምቱም ገባ። ያን ክረምት ሳስበው አሁንም ይደክመኛል። ሽማግሌው በየማለዳው ከአፍንጮ በር በእግራቸው ይመጣሉ። ጭቃው እስከ ባታቸው ይደርሳል። መያዣ እስኪፈረድ ድረስ የሚያበላው ባለቤቱ ነውና የሣር እስር ተሸክመው ነው የሚመጡት። የጓሮውን በር እከፍትላቸዋለሁ። በቅሎዋ ኮቴያቸውን ታውቃለች፤ ሳያንኳኩ ጆሮዋን ታቆማለች። የነጋዴውን በቅሎ አሽከሮቹ ያበሏታል።

«ደብዳቤው የት ደረሰ?»

«ባሕር ላይ ይሆናል፣ አባቴ።»

«ባሕሩ ይህን ያህል ሰፊ ነው?»

«ሰፊ ነው ይላሉ።»

በየቀኑ ይህንኑ ይጠይቁኛል፤ እኔም ያንኑ እመልሳለሁ። በሐምሌ የሚያከራዩት ስለሌላቸው ቀበቶአቸውን ሁለት ቀዳዳ አጠበቁ፤ አዲሶቹ ቀዳዳዎች በምስማር የተበሱ ስለነበሩ አስተዋልኋቸው። ሙሴ ሁለት ጊዜ «አባቴ፣ ይውሰዷት፤ ጨዋታ ነው» አላቸው። ሁለቱንም ጊዜ የመለሱለት አንድ ነው፤ «መያዣ ሳይፈረድ አይፈታም።»

መልሱ መስቀል ካለፈ በኋላ ዓርብ ቀን መጣ። ከመጋዘኑ ውስጥ ቆሜ አነበብሁት። አራት መስመር ነው። ዓርብ ከቀትር በኋላና ቅዳሜን ሙሉ በኪሴ ይዤው አቡጀዲ ስለካ ዋልሁ፤ አንድ ደንበኛ ሁለት ክንድ አሳስተህብኛል ብሎ ተቆጣኝ፤ እውነቱን ነበር። ይህን ወረቀት በአራዳ ከእኔ በቀር ለእነርሱ የሚያነብላቸው አልነበረም። ገዳዩ የተጠራው በአንድ ቃል ነው፤ እኔም የምለውጠው አንድ ቃል ብቻ ነበር። የሽማግሌው ቀበቶ በዓይኔ ላይ ነበር። ዳዊቱም እንዲሁ።

እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ራዲዮው ሳይከፈት ተቀመጥን። ቆሜ አነበብሁ።

«‹ጌታ ሆይ፣ ለጠየቁን ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ገዳዩ ሽማግሌው አሽከር ነው። ከሩቅ አገር ስለሚያዳምጡን እናመሰግናለን።›»

ነጋዴው መሬት መሬት ዐየ። ሽማግሌው ወረቀቱን እያዩ ጠየቁኝ።

«ለምን እንደ ገደለው ይላል?»

«አይልም።»

«የጻፈው ዳኛው ነው?»

«አይደለም፣ አባቴ። የጣቢያው ጸሐፊ ነው። ታሪኩን የደረሰው ሌላ ሰው ነው፤ አስቀድሞ ጽፎ የሰጣቸው።»

«አስቀድሞ ማለት መቼ?»

«በራዲዮ መነገር ሳይጀምር።»

«እኔ ስሟገት መጨረሻው ተጽፎ ነበር?»

«ተጽፎ ነበር።»

«አንተ ይህን ታውቅ ነበር?»

አውቅ ነበር። ሙሴም፣ ነጋዴውም የሚያውቁ ይመስለኛል። ተረት መሆኑን እርሳቸውም ያውቁ ነበር። ግን ተረትም ቢሆን ነገሩ ከተሰማ በኋላ የሚፈረድ መስሏቸው ነበር፤ ዕድሜአቸውን ሙሉ ያዩት ችሎት እንዲያ ነበርና።

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ሳልጨምር ብዬ ስለ ማልሁ» አልሁ። እውነት ነው፤ ግን ስናገረው ለራሴም ቀሎ ተሰማኝ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «መሐላህን ጠብቀሃል» አሉኝ። የተናገሩት እንደ ምስጋና ነው፤ እኔ ግን ደግሜ ልሰማው አልፈልግም። ወደ ጓሮ ወጡ፣ ገመዱን ፈቱ፣ በሁለት እጃቸው ለሙሴ አቀረቡለት። ነጋዴው እንኳ የእሷን ዋጋ እኔ ልክፈል፣ ይውሰዷት ብሎ ለመነ። ሙሴ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

«እኔ በቅሎ አልፈልግም፣ አባቴ። ምን አደርግባታለሁ?»

«ዳኛ የተፈረደለትን አልቀበልም ካለ ችሎቱ ቀልድ ነበር ማለት ነው» አሉ። «እኔ ደግሞ በቀልድ አልቆምሁም።»

ሙሴ እኔን ዐየኝ። ገመዱን ተቀበለ።

ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ ወደ ሱቁ አልመጡም። ዘንድሮ ከራዲዮው የሚሰማው የጦር ወሬ ነው፤ ሰዉ እስከ መንገዱ ድረስ ይቆማል፤ እኔም እተረጉማለሁ፤ የሚያስምለኝ ግን የለም። በቅሎዋ ለሙሴ ከባቡር ጣቢያ የአቡጀዲ እስር ታመጣለታለች። የምስባት እኔ ነኝ። ዳገቱን ጨርሰን ከጊዮርጊስ በታች ካለው የድንጋይ አጥር ስንደርስ ትቆማለች። ሽማግሌው በማለዳ ፀሐይ ለመሞቅ እዚያ ይቀመጣሉ። ብስባት፣ ብገፋት አትንቀሳቀስም፤ ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች። እርሳቸው ቀና ሳይሉ «አዳሩ እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ከዚያ የምንነጋገረው የለንም። ጭነቱ ከባድ ነው፤ ክንዴም ከጠዋት ጀምሮ ዝሏል። እሷ መሄድ እስክትፈልግ ድረስ እኔም ገመዱን ይዤ እቆማለሁ።