የቀትር ኬሻ

ልጄ ሰሞኑን የቤታችን መብራት ተቆጣጣሪ ሆናለች። ትምህርት ቤት ስለ ኃይል ቁጠባ ተምራ ከመጣች ወዲህ ከክፍል ክፍል እየዞረች ማብሪያ ማጥፊያውን ቀጭ ስታደርግ ትውላለች፤ ባለፈው ፊቴን በሳሙና እየታጠብኩ አጥፍታብኝ፣ ፎጣ ፍለጋ ግድግዳውን ስዳብስ፣ ከበሩ ማዶ ሆና «ዓይንሽን ጨፍነሽ የለ እንዴ፣ መብራቱ ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ።

ትናንት ደግሞ የክርክር የቤት ሥራ ይዛ መጣች። አገራችን ከመሬት የሚቆፈረውን የድንጋይ ከሰል እያነደደች ኃይል ታመንጭ ወይስ በውሃ፣ በነፋስና በፀሐይ ትጽና የሚል ነው። በረንዳ ላይ ቆመን ነበር፤ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት ዓይኔ የጎረቤታችን ጣሪያ ላይ አረፈ። አንድ ሰው የታጠበ ኬሻ የሚያሰጣበት ቦታ ቢያጣ ሶላሩ ላይ ዘርግቶታል፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበርና ነፋሱ ያንን ኮምጠጥ ያለ የእርጥብ ኬሻ ሽታ፣ ውስጡ የቡና ውሃ የቀረበትን ሽታ፣ ይዞብኝ መጣ። ዲላ በረንዳዬ ላይ እንደቆምኩ ኢዲዶ ገባሁ።

ኢዲዶ ከይርጋጨፌ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ያለ የቡና ቀበሌ ነው፤ የአባቴ እህት፣ አክስቴ ዘነበች፣ የተዳረችው እዚያ ነበር። እኔ የዲላ ልጅ ስለነበርኩ ጌዴኦኛዬ እንደ ጎረምሳ ድምፅ ይሰባበር ነበርና፣ ቡና በሚለቀምበት ወራት ወደ እሷ ስላክ ለእኔ ሲሉ ሁሉም ወደ አማርኛ ይዞሩ ነበር። የአክስቴ አማርኛ ወንዱንም ሴቱንም «እሱ» ብሎ የሚጠራ፣ መጨረሻው ላይ ከፍ ብሎ የሚንጠለጠል፣ ለጆሮዬ ከዜማ የሚቀርብ አማርኛ ነበር። ቤቷ በእንሰት ተከቧል፤ ከእንሰቱ ቀጥሎ ቡናው፣ ከቡናው በላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ዋንዛ፣ እሷ ወዴሳ የምትለው፣ ክንዱን ዘርግቶ ቆሟል። ዋንዛውን የተከሉት የባሏ የጋሽ ወራሳ እናት ናቸው፤ አክስቴ ሙሽራ ሆና በገባች ማግስት፣ «አንቺም እሱም እዚህ ሥር ስደዱ» ብለው።

አክስቴ ከልጅነቷ ጀምሮ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ቡና ስታደርቅ የኖረች ሴት ናት። ከእንጨትና ከሽቦ በተሠራ ከፍ ያለ አልጋ ላይ የተሰጣውን እርጥብ ቡና ጧት ገልጣ በእጇ ታገላብጣለች፣ እንከን ያለበትን ትለቅማለች፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ደግሞ በኬሻ ታለብሰዋለች። የቀትር ፀሐይ እርጥብ ቡና ካገኘ ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል፤ የተሰነጠቀ ቡና ደግሞ ጣዕሙም ስሙም ይጠፋል። ይህን ከማንም መማር አላስፈለገኝም፤ በዚያ አገር ያደገ ልጅ ሁሉ ጸሎት ከማወቁ በፊት ያውቀዋል። ከሌላ ማጠቢያ የመጣ ቡና መጥፎ ሆኖ ሲገኝ አክስቴ ከንፈሯን መጥጣ «ቀትር ላይ ማን ነበረ?» ትል ነበር፣ ሞግዚት የጎደለበት ሕፃን ያየች ያህል።

አንድ ዓመት ለለቀማው ስደርስ ቤቱ ውስጥ ነገር ነበር። ጋሽ ወራሳ በኩራዝ ጭስ ተማርረው ነበር። ገበያው ላይ ያሉት ባለሱቅ ሐጂ ጄኔሬተር አስገብተው ማታ ማታ ሱቃቸውን ቀን ያደርጉታል፤ ጩኸቱ ጄኔሬተሩ ራሱ የሚያጫውተውን ሬዲዮ እንኳ የማያሰማ ነበር፣ ግን ጋሽ ወራሳ ጩኸቱን ራሱን ወደውት ነበር። ለእሳቸው ኃይል ማለት የሚጮህና የሚነድ ነገር ነው። ስለዚህ ዋንዛውን ለከሰል አክሳይ ሸጠው ጄኔሬተር ሊገዙ ቆርጠው ተነሱ። አክስቴ ይህን ሰምታ እህል መብላት ተወች። ቡናው በጥላው ሥር ነው የኖረው፣ እናትህ የተከለችውን አታቃጥልም ብላ አለቀሰች፤ ወንድሟ፣ ማለት አባቴ፣ ይህን ቢነግሩት ከዲላ አንድ ትንሽ ሶላር ከነባትሪውና ከነአምፖሉ ገዝቶ እኔን ሲያደርስ ይዞላት መጣ። መኪና ሊያመልጠው ስለነበር ገመዱን አገናኝቶ፣ ውሃ እንዳይነካው፣ እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂው ብሏት ሮጠ። ከዚያ በላይ ማስተማሪያ አልሰጠም።

ባልና ሚስቱ ሽማግሌ ሳይጠሩ ስምምነት አደረጉ። ቡናው ደርቆ ከአልጋ እስኪነሳ ድረስ ነገሩ ይታያል፤ የፀሐይ መብራቱ እራት አስበልቶ፣ ጸሎት አድርሶ የሚቆይ ከሆነ ዋንዛው ይኖራል፣ ካልሆነ ከሰል አክሳዩ መጥረቢያውን ይዞ ይመጣል። ጋሽ ወራሳ ፀሐይ ብርሃን ልትሰጥ የምትችለው ቀን ቀን እንደሆነ፣ ያኔ ደግሞ እንደማያስፈልግ፣ ለሚሰማም ለማይሰማም ይናገሩ ነበር።

አክስቴ ሶላሩን የዋንዛው ጥላ ከማይደርስበት፣ ግቢዋ ውስጥ ካሉት ከራሷ የቡና አልጋዎች ጫፍ፣ የራሱ ትንሽ አልጋ ሠርታ አስተኛችው። እንዴት እንደምትንከባከበው ላየ ሰው የበኩር ልጅ የወለደች ይመስል ነበር። ጧት ጤዛውን በነጠላዋ ጫፍ ትወለውላለች፤ ዳመና ሲሰበሰብ ወደ ቤት ታስገባዋለች፤ እኔንም ጥላዬ እንዳያርፍበት ታርቀኛለች። ማገላበጥ ብቻ ነበር የቀራት። ማታ ግን አምፖሉ ጎመኑ ተበልቶ ሳያልቅ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ቀይ ክር ይሆናል፣ ከዚያ ድርግም። ጋሽ ወራሳ ተነሥተው ኩራዙን በጣም ቀስ ብለው ይለኩሳሉ።

እኔ የማወቅ ጉጉት ጨርሶኝ ነበር። ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ ለማየት ሶላሩ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ አይቻለሁ። ገመዱ ውስጥ የሚፈስ ነገር ይሰማ እንደሆነ ጆሮዬን ለጥፌበት፣ የሰማሁት ጉንዳን ጆሮዬ ሲገባ ብቻ ነው። ኢዲዶ ጧት ጉም ነው፣ ከሰዓት ዳመና ነው፤ ጥርት ያለ ፀሐይ የሚወጣው ቀትር ላይ ነው፣ ቀትር ላይ ደግሞ አክስቴ በአልጋዎቹ መካከል ፈጠን ፈጠን እያለች ኬሻዎቿን ትዘረጋለች። የመጀመሪያው አልጋ፣ ሁለተኛው፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው፤ መጨረሻ ላይ አዲሱንና ንጹሑን ኬሻ አንስታ ሶላሩን ታለብሰዋለች። አጠገቧ ቆሜ ጫፉን ይዤ አግዣታለሁ። ከመንደሩ ስንት ሰው በዚያ አለፈ፣ ስንቱ ሰላም ብሎ ቆሞ አወራ፣ አንድም «ምነው?» ያለ የለም። ሁላችንም የቡና ልጆች ነን፤ ውድ ነገር ቀትር ላይ ይሸፈናል።

ቡናው ሊነሳ ጥቂት ሲቀረው ጋሽ ወራሳ ከሰል አክሳዩን ቀጠሩት። አክስቴ ያን ቀን ከዋንዛው ሥር ሄዳ ግንዱን ተደግፋ ቆማ አየኋት፤ አላለቀሰችም፣ ግን ስትመለስ እጇ ላይ ልጡ ተለጥፎ ነበር፣ እሱን ሳታራግፍ ሥራዋን ቀጠለች። በማግስቱ ባንኮ ጎቲቲ በሚባል ሌላ ቀበሌ ለቅሶ ሆነና እኔን አስከትላ ሄደች፤ ስትወጣ ለባሏ ደጋግማ አደራ አለች፤ ቀትር ሲሆን ሁሉንም ሸፍን።

ማታ ደክሞን ተመለስን። አምፖሉ በራ፤ እራት ተበላ፣ አልጠፋም። ቆጮው ተነሥቶ እጅ ታጠብን፣ አልጠፋም። ጸሎት ተደረገ፤ ጋሽ ወራሳ በጸሎቱ መካከል አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ላይ ሲያዩ በአንድ ዓይኔ አየኋቸው። አምፖሉ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ እያንዳንዱን የግድግዳ ስንጥቅ ያሳያል። አክስቴ ግን ፊቷ ጨለመ፤ ሊሞት የደረሰ ሰው አንዳንዴ ተነሥቶ እንደሚያወራ ሁሉ ይሄም መሞቻው ነው ብላ ፈራች። እኔ ደግሞ ቡና ሲበላሽ የምትለውን ሰምቼ ያደግሁ ስለሆንኩ አፌ ላይ የመጣልኝ ያው ጥያቄ ነበር።

«ቀትር ላይ ማን ነበረ?»

ጋሽ ወራሳ ተቆጡ፣ እንደተከሰሰ ሰው። ቡናውን በጊዜው ሸፍኛለሁ አሉ። ይህን የማይረባ መስተዋት ግን ለምን ብዬ ኬሻ አባክንበታለሁ፣ እንደተጋለጠ ተውኩት፣ ከተሰነጠቀም ይሰንጠቅ አሉ። አክስቴ ወደ አምፖሉ አየች፣ ወደ ባሏ አየች፣ መጨረሻ ላይ ቀስ ብላ፣

«ለካ እሱ ቡና አይደለም» አለች።

ሳቁ መጀመሪያ ከማን እንደወጣ አላስታውስም፤ ጋሽ ወራሳ እንባቸውን በጋቢያቸው ሲጠርጉ ግን ዛሬም ይታየኛል። ነገሩ እውነት መሆኑን ለማየት በማግስቱ ሳይሸፈን ዋለ። አክስቴ አላስችላት ብሎ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ፀሐይ ሲነድበት እያየች እጇን በእጇ ስታሽ ዋለች፤ ማታም አምፖሉ ጸሎት አደረሰ። ከሰል አክሳዩ ከነመጥረቢያው ሲመጣ በቆጮና በእርጎ ተሸኘ። ጋሽ ወራሳ መሸነፋቸውን ቃል አውጥተው አልተናገሩም፤ ኩራዙን ግን ለዶሮ ውሃ ማጠጫ አደረጉት።

ታሪኩን እዚህ ላይ ሳደርስላት ልጄ እስክሪብቶዋን አነሳች። ፀሐይ አሸነፈች ብላ ልትጽፍ ነው። ቆይ፣ አላለቀም አልኳት።

ከዓመታት በኋላ ከትልቅ ግድብ የመጣ መብራት በምሰሶ ኢዲዶ ደረሰ፤ ጭስ የሌለው፣ ዳመና የማያግደው፣ ሁሉም እልል ያለለት መብራት። ገመዱ የሚያልፈው በዋንዛው አናት ላይ ሆነ። ሠራተኞቹ መጋዝ ይዘው ሲመጡ መንገድ ዘግተው የለመኗቸው ጋሽ ወራሳ ናቸው፤ ምሰሶው ወደ ጎን ፈቀቅ ቢል ብለው ተማጸኑ፣ አልሆነም። ለከሰል ሳይሆን የቀረው ዛፍ ለገመድ ሲባል ወደቀ። ሥሩ የነበረው ቡና በቀጣዩ በጋ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። መብራቱ መልካም ነው፣ ሲጠፋም አሮጌው ሶላር ይወጣል፤ ነገር ግን በዚያ ግቢ ቀትር ላይ የሚቀመጡበት ቦታ ጠፋ፣ እኔም እዚያ ስሄድ የምወደው ያ እርጥብ አረንጓዴ ብርሃን ጠፋ። ይህን በምን እንደምተካው አላወቅሁም።

አክስቴን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ከጉቶው አጠገብ ነበር። አንዲት የዋንዛ ችግኝ ተክላ፣ አራት እንጨት አቁማ፣ ያንኑ አሮጌ ኬሻ ከላይ እየዘረጋች ነበር። እስከ መቼ ነው የምትሸፍኚው አልኳት።

«እሱ እኔን መሸፈን እስኪጀምር» አለች።

አልደረሰችበትም። ችግኙ ዛሬ ከሰው ቁመት አልፏል፣ ጥላም አያስፈልገውም፤ ጋሽ ወራሳ ግን በየቀትሩ በርጩማ ላይ ወጥተው፣ የተጣጠፈውን ኬሻ አናቱ ላይ ያለብሱታል። ፀሐይ እየከለከሉት ነው፣ ይነሣለት ብለን ብዙ ጊዜ ነግረናቸዋል።

«እሷ አንሳው አላለችኝም» ይላሉ።