ፊውዝ የሚበላ አምፕሊፋየር

ሬዲዮ ጠጋኙ በሙያው አይታማም። የጎረቤቱ የሹፌሩ አሮጌ አምፕሊፋየር ግን ናላውን አዞረው። ሹፌሩ ቤት ሲከፈት ፊውዝ ያቃጥላል፤ ጠጋኙ ሱቅ መጥቶ ከሱቁ ስፒከር ጋር ሲገናኝ ግን እንደ ጨዋ ልጅ ይዘፍናል። ሦስት ጊዜ ፈታው፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ አምፖል አስገብቶም ሞከረው። አምፖሉ ፈዘዝ ብሎ ቀረ፤ ውስጡ ሾርት፣ የተነካካ ሽቦ፣ የለም ማለት ነው።

"አንተ፣ ልታሳብደኝ ነው እንዴ?" አለው ዕቃውን።

በአራተኛው ፊውዝ ትዕግሥቱ አለቀና መፍቻውን ይዞ ሹፌሩ ቤት ሄደ። ሹፌሩ ጓዳ ምሳውን እየበላ ሳለ፣ ጠጋኙ በደረቱ ተኝቶ የስፒከሩን ገመድ ተከተለ። ቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ላይ ወግታ ያገናኘች መርፌ አገኘ። መርፌዋ ላይ ሰማያዊ ክር ተንጠልጥሏል።

ቀና ሲል የሹፌሩ አማት ሶፋው ላይ ሰማያዊ ቀሚስ ይሰፋሉ። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። አሮጊቷ ቅንድባቸውን እንኳ አላነሱም።

"ምን ሆኖ ነው?" ሲል ጮኸ ሹፌሩ ከጓዳ።

ጠጋኙ መርፌዋን ነቀለ። ከምሳ በኋላ የሹፌሩ ሙዚቃ ግድግዳውን አልፎ የእሱንም ሸለብታ ስንት ጊዜ እንደቀማው አስታወሰ።

"እርጅና ነው ወንድሜ! አሁን ይሠራል፤ ግን ከምሳ በኋላ እስከ አስር ሰዓት ካላረፈ ፊውዝ አይበረክትለትም።"

ከዚያ መርፌዋን ለአሮጊቷ አቀበለና ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ "እማማ፣ እንቢ ብሎ ከከፈተው ደግሞ፣ ክሩን አውጥተው መርፌዋን ይሰኳት" አላቸው።